ሲሮጡ የታጠቁት

በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ሐዋሳ ውስጥ በየሰፈሩ አይሱዙ ቆሞ የቤት ዕቃ ሲጫን ማየት ብርቅ አልነበረም። ሶፋው ተገልብጦ፣ ፍራሹ በገመድ ታስሮ፣ ድስቱና ጀበናው በማዳበሪያ ታጭቆ፣ ከሁሉ በላይ የልጆች ብስክሌት ተንጠልጥሎ ይታያል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የሚባለው መዋቅር አክትሞ፣ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሥርተው ነበር። ለዓመታት ሐዋሳ የከተሙት ቢሮዎች ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተኑ። እዚህ ቤት የሠራ፣ ልጅ ያሳደገ፣ እድር የገባ ሰው በአንድ የምደባ ደብዳቤ ኑሮውን ነቅሎ እንዲሄድ ተጠየቀ።

እኔ በምኖርበት መንደር ሁለት ጎረቤታሞች ያንን ደብዳቤ በአንድ ሳምንት ተቀበሉ። የተመደቡት ሁለቱም ወላይታ ሶዶ ነው፤ ደሞዛቸው ተቀራራቢ፣ የአገልግሎት ዘመናቸውም እንዲሁ። አንደኛው፣ ጋሼ የምላቸው፣ ዕቃቸውን በሁለት ሰዓት አስጭነው፣ ቡና አፍልተው፣ ጎረቤት መርቋቸው ሄዱ። ሁለተኛው ለመኪና ኪራይ ተበድሮ፣ 12ኛ ክፍል የደረሰች ልጁን አክስቷ ዘንድ ትቶ፣ ከባለቤቱ ጋር እንደተኳረፈ ወጣ። ዓመት ሳይሞላው ሥራውን ለቅቆ ተመለሰ። ሲመለስ የለቀቀውን ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል፣ በአካባቢው ያለው ኪራይም ጨምሯል።

ጋሼን በስልክ ሳገኛቸው ‹‹እንዴት ቀድመው አወቁ?›› አልኳቸው።

‹‹ኧረ ምንም አላወቅሁም›› አሉኝ። ‹‹ያ ሕዝበ ውሳኔ የተደረገ ሰሞን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን፣ ተነሡ ብንባል ምን ምን እንደሚጎድለን ጻፍን። ከዚያ ወዲያ የጎደለውን አንድ በአንድ ስንሞላ ከረምን፤ ሌላ ምስጢር የለውም።››

የደቡብ ኢትዮጵያን ክልል ለመመሥረት ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን ጎረቤታሞች የለያያቸው ጥቂት ወራትና አንዲት ገጽ ወረቀት ነበረች ማለት ነው።

ስለ ለውጥ ስንጫወት አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው መድረሻውን ነው። ደሞዙ ስንት ነው? ከተማው ይመቻል? ንግዱ ያዋጣል? የሚሄደውን ሰው ግን ማንም አይመዝነውም፤ እሱም ራሱን አይመዝንም። ዝግጁነትን ከድፍረት ጋር አንድ እያደረግን፣ የሄደውን ‹‹ቆራጥ››፣ የቀረውን ‹‹ፈሪ›› እንላለን። እኔ ግን ዝግጁነት ሊቆጠር፣ ሊለካ፣ ጎድሎ ሲገኝም ሊሞላ የሚችል ነገር እንደሆነ አምናለሁ። ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› የሚለው ተረት መሮጥን አይከለክልም። ስለ መታጠቂያው ሰዓት ነው የሚናገረው።

የመጤና የሂያጅ ከተማ

ይህን የዝግጁነት ጥያቄ ለማንሣት ከሐዋሳ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ከመጀመሪያ ሰፋሪዎቿ መካከል ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ ወታደሮች ነበሩ። መሣሪያ አስቀምጠው ጎጆ የቀለሱ፣ በጉልምስና ዕድሜያቸው ሌላ ኑሮ የጀመሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ከተማዋ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር መዲና ሆነች፤ ቀጥሎም የደቡብ ክልል መቀመጫ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ ድምፁን ሰጠ፤ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ላይ ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆኖ ሐዋሳን መዲናው አደረገ። መዋቅር በተለወጠ ቁጥር የቤት አከራዩ፣ የካፌው ባለቤት፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ የቢሮው ጸሐፊ ኑሮ አብሮ ይለወጣል። ሐዋሳ ውስጥ ‹‹እኔን ለውጥ አይነካኝም›› ብሎ የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ ሲቸገር አይቻለሁ።

ከእነዚህ ለውጦች ሁሉ ብዙ ወጣት ያሳተፈው ግን የኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው። ፓርኩ በአንድ የቻይና ሥራ ተቋራጭ በ9 ወር ገደማ ተገንብቶ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ለ60,000 ሰው ሥራ ይፈጥራል ተብሎ ነበር። ከገጠር ቀበሌ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ልጃገረዶች በብዛት መጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድና የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ፓርኩን አጥንቶ ባወጣው ሪፖርት፣ የመነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር እንደሆነ፣ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በአዲስ እንደሚተኩ ጻፈ። በዓመቱ መጀመሪያ ከተቀጠሩት ብዙዎቹ የዓመቱ መጨረሻ ላይ የሉም ማለት ነው።

ደሞዙ ማነሱ ዋናው ምክንያት መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ለፓርኩ ሠራተኞች የሚከራዩ ክፍሎችን ያየ ሰው ሌላም ነገር ይገባዋል። የቆርቆሮ በር፣ ሦስት በአራት የማትሞላ ክፍል፣ ሁለት ፍራሽ፣ አራት ልጆች። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀለ የሥራ ጋወን፣ ጥግ ላይ አንዲት የከሰል ምድጃ፣ ከበሩ ጀርባ ከቤት የተላከ የቆጮ ጥቅልል። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለችው ልጅ የለወጠችው ሥራዋን ብቻ አይደለም። የምትነሣበትን ሰዓት፣ የምትበላውን፣ አብራት የምታድረውን፣ ገንዘብ የምትይዝበትን መንገድ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ፈቃድ የመጠየቅን ነገር በአንድ ሳምንት ውስጥ እንድትለምድ ተጠይቃለች። ከመምጣቷ በፊት የነገሯት ግን ‹‹ፋብሪካ ትገቢያለሽ›› ብቻ ነው። የምትገባበት ኑሮ ተራ ቀኑ ምን እንደሚመስል ያሳያት ሰው አልነበረም።

ይህ የሐዋሳ ብቻ ታሪክ አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ፓርኩ ከመገንባቱ በፊት በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለዋል። ለከፊሎቹ በዕጣ የፋብሪካ ሥራ ተሰጣቸው፤ ለከፊሎቹ ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ መነሻ ገንዘብና የጥቂት ቀን የንግድ ሥልጠና ተሰጠ፤ የቀሩት ምንም አላገኙም። ፋብሪካ ከገቡት ውስጥ ሲሶው በመጀመሪያው ወር ወጣ፤ በዓመቱ 77 በመቶው ለቅቆ ነበር። መነሻ ገንዘብ ያገኙት ሰዎች ገቢ በዓመቱ በሲሶ ያህል ከፍ አለ። እነዚያው ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት በአብዛኛው ጠፍቶ ተገኘ።

እኔ ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ለሥራው በራሱ ፈቃድ ያመለከተ ሰው እንኳ ስለሥራው የነበረው ግምት ከእውነታው በጣም ይርቅ ነበር። ሁለተኛ፣ መነሻ ገንዘብ መንገድ ያስጀምራል እንጂ መንገዱን ሁሉ አይሸኝም። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የሚቀጥለው በሰውየው እጅ ያለው ሙያና በዙሪያው ያለው ሰው ነው።

ከዚያ ደግሞ ማንም ያልመረጠው ለውጥ መጣ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ከፓርኩ ቀዳሚ ባለሀብቶች አንዱ የነበረው ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ የምትገባበትን አጎዋን ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አጣች። ተሰፍቶ ከሚላከው ልብስ ጋር እንጀራዋ የተሳሰረባት ልጅ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ስለተወሰነ ነገር ዝግጁ እንድትሆን መጠየቅ ግፍ ነው። ቢሆንም በትርፍ ሰዓቷ ፀጉር ሥራ የለመደችው፣ ከጓደኞቿ ጋር ትንሽ እቁብ የጀመረችው፣ ከቤተሰቧ ጋር ያልተቆራረጠችው ልጅ ያንን ጊዜ ያለፈችበት መንገድ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ለውጥ የምንመርጠው ብቻ ስላልሆነ፣ ዝግጁነትም የሚገነባው ገና ሳያስፈልግ ነው።

የኃይሌ ሁለት ስንብቶች

ሐይቅ ዳር የሚገኘውን የኃይሌ ሪዞርትን ሐዋሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። ባለቤቱ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ግን ስለ ሥራ ለውጥ የሚያስተምረን ከሆቴሉ ይልቅ በሁለቱ ስንብቶቹ ነው።

የመጀመሪያው ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ ነበር። ጉልበቱን አሞት ማራቶኑን አቋረጠ፤ እዚያው በጋዜጠኞች ፊት ሩጫ ማቆሙን እያለቀሰ ተናገረ። ጥቂት ቀናት ሳይቆዩ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ሩጫው ተመለሰ። ሁለተኛው ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. እንግሊዝ ማንቸስተር ላይ ነው። ያን ዕለት በሰላም ተሰናበተ፤ ስንብቱም ጸና።

አንድ ሰው ነው፤ ውሳኔውም አንድ ነው። የመጀመሪያው የተወሰነው በሕመምና በሽንፈት ሰዓት ሲሆን፣ ሁለተኛው በቂ ጊዜ ከታሰበበት በኋላ ነው። ዓለም በሪከርድ የሚያውቀው፣ በ2001 ዓ.ም. መግቢያ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የሮጠ ሰው፣ ትዕግሥትን ሙያው ያደረገ ሰው እንኳ፣ በተከፋ ሰዓት የወሰነውን ማጽናት አልቻለም።

ሌላም ነገር አለ። ኃይሌ ሕንፃ፣ ሆቴልና ሌላ ንግድ የጀመረው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አይደለም። ጠዋት እየተለማመደ፣ ቀን ቢሮ እየገባ ነው ሁለተኛውን ሥራ ያሳደገው። ማንቸስተር ላይ ሲሰናበት የሚሄድበት ቤት ተሠርቶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ራፊና ጂ ፌንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ተቀጥረው እየሠሩ ንግዳቸውን ጎን ለጎን የጀመሩ ሰዎች፣ ሥራቸውን ለቅቀው በአንድ ጊዜ ከገቡት ይልቅ ንግዳቸው የመክሰሙ ዕድል በሲሶ ያህል ያነሰ ነበር። ጎን ለጎን የሚሠራ ሰው በትንሽ ኪሳራ ይማራል፤ የማያዋጣውን ቀድሞ ይተዋል፤ ለኪራይ ሲል መጥፎ ውል አይፈርምም።

ይህን ስጽፍ የራሴ ጥፋት ትዝ ይለኛል። ከዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ከአለቃዬ ጋር ተጋጭቼ፣ በዚያው ቀን የሥራ መልቀቂያ ጽፌ አስገባሁ። ትምህርት ቤት አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈትኩ። መጋቢትና ሚያዝያ ጥሩ ነበር። ሰኔ ሲያልቅ ተማሪው ሁሉ ቤቱ ገባ፤ ሱቁ ዝም አለ። ክረምት እንደሚመጣ ማን አያውቅም? እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። ከዚያ የባሰው እቁቡ ነው። እቁብ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ደርሶኝ ለኮፒ ማሽኑ ከፍዬው ነበር፤ 14 ዙር የምከፍለው ቀርቶኛል። ዋስ የሆነኝ ሰው በየሳምንቱ እሑድ ፊቴን ሲያይ የነበረበትን ሐሳብ እስከዛሬ አልረሳውም። ዕዳዬን ጨርሼ ከፈልኩ፤ የዋሴን ሰላም ግን በገንዘብ መመለስ አልቻልኩም።

ራስን መመዘን

ታዲያ አንድ ሰው ለትልቅ ለውጥ ዝግጁ መሆኑን በምን ያውቃል? ናንሲ ሽሎስበርግ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ሰው ለውጥን የሚሻገረው በአራት ነገር ነው ይላሉ፤ ባለበት ሁኔታ፣ በራሱ ማንነት፣ በደጋፊዎቹና በሚከተለው ስልት። እኔ ይህን ወደ ቤታችን ቋንቋ ስመልሰው ኪስ፣ እጅ፣ ሰውና ልብ እላቸዋለሁ።

ከኪስ እንጀምር። ብዙ ሰው ‹‹ትንሽ ቋጥሬያለሁ›› ይላል። ትንሽ ስንት ነው? መልሱ በብር ሳይሆን በወር ቢነገር ይሻላል። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ መጓጓዣ፣ መድኃኒት፣ ለወላጅ የሚላከው፣ የእድርና የማኅበር መዋጮ ተደምሮ ለምሳሌ በወር 18,000 ብር ቢሆን፣ 108,000 ብር ያለው ሰው ያለው ስድስት ወር ነው። ከዚያ ላይ እቁብ ደርሶት ገና የሚከፍል ከሆነ የቀረው ዙር ይቀነስ፤ ቀድሞ የበላው እቁብ ቁጠባ ሳይሆን ዕዳ ነው። ብር ደግሞ ቆሞ እንደማይጠብቅ አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ማሽን ለመግዛት ለሁለት ዓመት ሲቆጥብ የነበረ ሰው የቋጠረው ብር እንዳለ ሆኖ ማሽኑ ራቀው። ስለዚህ ቁጠባው ለምን እንደሆነ የታወቀ ከሆነ፣ ዕቃውን ቀደም ብሎ በየጊዜው መግዛት ከጥሬ ገንዘቡ ይልቅ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ።

ለኪስ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሥራ ሳይለቁ፣ አዲሱ ኑሮ ያመጣል ተብሎ በሚታሰበው ገቢ ብቻ ሁለት ወር መኖር። ገቢው በግማሽ ይቀንሳል ብሎ የሚያስብ ሰው ግማሹን ደሞዝ ባንክ አስቀምጦ በግማሹ ይኑር። ቤተሰቡ ከቻለው፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተገኘ፤ ልምምዱም ቁጠባውም። ካልቻለው ደግሞ የተገኘው እውቀት ከኪሳራ በፊት የተገኘ ነው።

የሕግ መብትን ማወቅም የኪስ ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅም የስንብት ክፍያ አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። 6 ዓመት የሠራ ሰው የ80 ቀን ደሞዝ ገደማ ያገኛል። አራት ዓመት ከአሥር ወር ሠርቶ ተናድዶ የሚወጣ ሰው በሁለት ወር ምክንያት ምን እንደሚያጣ ያስላ። የመንግሥት ሠራተኛ በራሱ አዋጅ ስለሚተዳደር የራሱን ይጠይቅ። በየወሩ ከደሞዙ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ሲገባ የኖረ ሰውም የአገልግሎት ዘመኑ በትክክል መመዝገቡን ሳያረጋግጥ ክሊራንስ አይፈርም።

እጅ ስል ሙያ ማለቴ ነው። ‹‹እችላለሁ›› እና ‹‹ሠርቼ ተከፍሎኛል›› የተለያዩ ናቸው። ዳቦ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው ለአንድ ወር ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሰው ዳቦ ቤት ገብቶ ሌሊት 9 ሰዓት ሊጥ ያቡካ። መብራት በጠፋበት ሌሊት ምን እንደሚደረግ፣ ዱቄት በተወደደ ሳምንት ዳቦው እንዴት እንደሚሰላ እዚያ ይማራል። አስተማሪነት ትቶ ኮምፒውተር ላይ ለመሥራት ያሰበ ሰው ከማያውቀው ደንበኛ አንድ ክፍያ ይቀበል። ከማያውቁት ሰው የተቀበሉት የመጀመሪያ ክፍያ፣ ወዳጅ ዘመድ ከሚሰጠው ሙገሳ ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። ፓርክ የገቡት ልጆች ያላገኙት ዕድል ይህ ነው፤ ኑሮውን ከመግባታቸው በፊት ለአንድ ሳምንት እንኳ አላዩትም።

ሦስተኛው ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ከሲዳማ ባህል የምንማረው አለ። ‹‹አፊኒ›› የሚባለው የምክክር ሥርዓት ስሙን ያገኘው ‹‹ሰማችሁ?›› ከሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ ይቀርባል፤ ታዳሚው ሰምቶ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ሁሉም የበኩሉን ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ነው የሚወሰነው። በቤታችን ውስጥ ግን ትልቁ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ሆኖ ይመጣል። አባት ራት ላይ ‹‹ሥራ ለቅቄያለሁ›› ይላል። ባልና ሚስት ስለ አንድ ሶፋ ቀለም ሳምንት ይነጋገሩና ስለ ገቢያቸው ምንጭ ግን አይነጋገሩም። ከውሳኔ በፊት የሚጠየቅ ሰው ሸክሙን አብሮ ይሸከማል፤ ከውሳኔ በኋላ የሚነገረው ሰው ግን ታዛቢ ይሆናል፤ ሲከፋም ከሳሽ። ኅብረተሰባችን ‹‹ሰው ምን ይላል›› በሚል ብዙ ሰው ያሥራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ‹‹ሰው ምን ይላል›› ማለትና ‹‹የእኔ ሰዎች ምን ይላሉ›› ብሎ ቁጭ ብሎ ማድመጥ ለየቅል ናቸው።

የመጨረሻው ልብ ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። የምሄደው ወደ አንድ ነገር ነው ወይስ ከአንድ ነገር ለመሸሽ? ከክፉ አለቃ፣ ከሚያሳፍር ደሞዝ መሸሽ ነውር የለበትም፤ አንዳንዴ ነፍስ ማዳን ነው። ችግሩ የሚሸሽ ሰው የሚያየው የኋላውን ነው፤ የፊቱን አያይም። እኔ ሱቅ ስከፍት የወደድኩት ሱቁን አልነበረም፤ አለቃዬን ማጣቴን ነበር። ራሴን አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ይበቃኝ ነበር። አለቃው ነገ ቢቀየር ይህን ሱቅ እከፍታለሁ? መልሱ ‹‹አይ›› ነበር። የተናደደ ሰው መልቀቂያውን ይጻፍ፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ ያንብበው። በዚያን ቀን ሲያነበውም ሐሳቡ ካልተለወጠ፣ ያኔ የሚፈርመው ደብዳቤ የራሱ ነው።

መጠበቅም ዋጋ አለው

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ‹‹እንግዲያውስ መቼም አልነሣም›› ቢል አልገረምም። በዝግጅት ስም ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ‹‹ልጆቹ ይደጉ›› ይላል፣ ልጆቹ ያድጋሉ፤ ‹‹ቤቱ ይለቅ›› ይላል፣ ቤቱ ያልቃል፤ ከዚያ ጡረታው ይደርሳል። ስቲቨን ሌቪት የተባሉት የቺካጎ ምሁር ትልቅ ውሳኔ ላይ ተቸግረው የነበሩ ሰዎች ድረ ገጽ ላይ ሳንቲም እንዲወረውሩ አድርገው፣ ከ20,000 በላይ ውርወራዎች ተመዝግበዋል። ሳንቲሙ ‹‹ለውጥ›› ብሏቸው የለወጡት ሰዎች፣ ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ባሉበት ከቀሩት ይልቅ ደስተኞች ሆነው ተገኙ። ምሁሩ የደረሱበት ድምዳሜ ሰው ትልቅ ለውጥ ላይ ከሚገባው በላይ ያመነታል የሚል ነው።

ይህ ግኝት ለእኛ ሲመጣ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የወደቀ ሰው የሥራ አጥ ድጎማ በሚያገኝበት አገርና የወደቀ ሰው የወንድሙን ቤት በሚያንኳኳበት አገር የውድቀት ዋጋ እኩል አይደለም። ቢሆንም ቁም ነገሩን አልጥለውም። መመዘን ማብቂያ ሊኖረው ይገባል።

ለዚህም የሲዳማን ዘመን መለወጫ እጠቅሳለሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ፍቼ ጫምባላላ በየዓመቱ በአንድ ቋሚ ቀን የሚውል በዓል አይደለም። አያንቶ የሚባሉት አዋቂ ሽማግሌዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ተከታትለው ቀኑን ይወስናሉ። ሰማዩን በጥሞና ያያሉ፤ ይመካከራሉ፤ ከዚያ ቀኑ ይህ ነው ብለው ያውጃሉ። ካወጁ በኋላ አዲሱ ዓመት ይገባል። ሰማይ ሲያዩ ኖረው ቀን ሳያውጁ ቢቀሩ ዓመቱ አይለወጥም ነበር። ራሱን የሚመዝን ሰውም ከወዲሁ ‹‹ይህ፣ ይህና ይህ ሲሟላ በዚህ ወር እነሣለሁ›› ብሎ ቀኑን ይጻፍ።

ይህን ሁሉ በግለሰቡ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ግን አልፈልግም። በወር 26 ዶላር ትቀበል የነበረችን ልጅ የስድስት ወር ወጪ ቋጥሪ ማለት ስድብ ነው። ቀጣሪው ለአመልካች የፋብሪካውን ወለል፣ የክፍሉን ኪራይና የደሞዙን እውነተኛ ሒሳብ ከመቅጠሩ በፊት ቢያሳይ፣ ከመልማዮች ጋር የሚሠሩ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ይህን ቢጠይቁ፣ ወጪው ለማንም አይከብድም። መዋቅር የሚያፈርስና የሚተክል መንግሥትም ሠራተኛው ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያዘዋውርበት፣ ባልና ሚስት በአንድ ከተማ የሚመደቡበት፣ ቤት የሚፈለግበት ጊዜ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል። ሰው ለለውጥ የሚዘጋጀው ለውጡ ቀድሞ ሲነገረው ነው።

ጋሼን በመጨረሻ ያገኘኋቸው ባለፈው ዓመት ለቅሶ ሊደርሱ ሐዋሳ መጥተው ነው። ያችን ወረቀት አሳዩኝ፤ ከኪሳቸው ማስታወሻ ደብተር ውስጥ አራት ቦታ ታጥፋ ተቀምጣለች። የልጅ ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይ፣ የባለቤታቸው የስኳር መድኃኒት የሚገኝበት፣ የሐዋሳውን ቤት የሚጠብቅ ሰው፤ ሁሉም ጎን ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ታች፣ መጨረሻው መስመር ላይ ‹‹እድር›› ይላል። እሱ ምልክት የለውም።

‹‹እሱን መሙላት አልቻልንም›› አሉኝ። ‹‹የሠላሳ ዓመት እድር በሰባት ወር አይገኝም። ባለቤቴም አየችው፣ እኔም አየሁት፤ ከነጉድለቱ እንሄዳለን ተባባልን።›› ወረቀቷን አጥፈው ወደ ደብተራቸው መልሰው፣ ወደ ለቅሶው ድንኳን ገቡ። ለዚህ ለቅሶ ሲሉ ከሶዶ ሌሊት ተነሥተው ነበር የመጡት።